መቶ አራት ስም ከጓሳ አምባ

ይህን የምጽፈው የጓሳ አምባ ሰዎች ስም ዝርዝር ደባርቅ ደርሶ የተመለሰው በእኔ ጥፋት ስለ ሆነ ነው። ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራው፣ እኔው ራሴ በቅደም ተከተል ባስቀምጠው ይሻላል።

በዳባት ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን በርእሰ መምህርነት አገልግያለሁ። ጡረታ ወጥቼ አትክልቴን እየኮተኮትሁ ሳለሁ፣ በ፳፻፲፩ ዓ.ም. መስከረም ላይ የአጥቢያ ኅብረት የተባለ አዲስ ተቃዋሚ ፓርቲ የወረዳው ሰብሳቢ እንድሆን ለመነኝ። ዓላማቸውን አስረድተው ሲጨርሱ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ቀበሌን የሚያስተዳድር ሰው እዚያው ከሚኖሩት መካከል በነዋሪው ድምፅ ይመረጥ፤ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ምንጩና ስለ ትምህርት ቤቱ የሚወስን ሰው ማታ እዚያው የሚያድር ይሁን፤ የሚሉት ይህንን ነው። እኔም በሥራ ዘመኔ ከከተማ ተሹሞ መጥቶ፣ ወንበሩ ሳይሞቅ ወደ ከተማው የሚመለስ አስተዳዳሪ ብዙ አይቻለሁ።

የፓርቲው አስተባባሪ የትናየት የምትባል የደባርቅ ልጅ ናት። በእርሻ ትምህርት የተመረቀች፣ ስትራመድም ስትናገርም የምትቸኩል ወጣት ናት። ጋሼ ትለኛለች። ሦስት ወር ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሯ ስትዞር ጫማዋ ሁለት ጊዜ ተቀዷል። በአንድ ቀበሌ ዕጩ ለማቅረብ የመቶ ነዋሪዎች የድጋፍ ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ያን ሁሉ ዞራ ቁጥሩ የሞላላት በጓሳ አምባ ብቻ ነው። ጓሳ አምባ ከቀረች በወረዳው አንድም ዕጩ አይኖረንም። የሦስት ወር ድካሟ ሁሉ በአንድ ፖስታ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ፖስታውን ደግሞ ለደባርቁ የምርጫ ጽሕፈት ቤት የላክሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ የጓሳ አምባ ሊስት ተመለሰ።»

«ምን ተብሎ?»

«ሰዎቹ የሉም ተብሎ።»

«እንዴት ነው የሚሉት? በዓይናችን ያየናቸውን ሰዎች!»

«በቀበሌው መዝገብ አንዳቸውም የሉም። ወለተ ሥላሴ የምትባል ሴት ሰባት ጊዜ ተጽፋለች፤ የአባት ስም የላትም። ገብረ ማርያም ዘጠኝ ጊዜ። ደግሞ በቀይ ቀለም የተጻፈው ተሰርዞ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጋሼ፣ ሳይልኩት አይተውት ነበር?»

አላየሁትም ነበር። ነገሩ ግን ወዲያው ገባኝ።

ጓሳ አምባ ከዳባት በላይ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ደጋፊዎቹን እንዲመዘግቡልን የለመንናቸው የቀበሌዋን የኪዳነ ምሕረት ደብር መሪጌታ፣ የኔታ ቴዎፍሎስን ነው። የኔታ በደረስጌ ዜማ የተማሩ፣ እጃቸው የተዋበ ጸሐፊ ናቸው። በጓሳ አምባ ካህን ብዕር ይዞ ስም ሲጠይቅ፣ ለጸሎት ካልሆነ በቀር ለሌላ ነገር ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ የኔታ የክርስትና ስም ጠየቁ፤ ሰዉም የክርስትና ስሙን ሰጠ፤ አውራ ጣቱንም አተመ። የሥላሴና የማርያም ስም በቀይ ቀለም መጻፉ የመጽሐፍ ሥርዓት ነው። ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ ሲደርሰኝ አልከፈትሁትም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የኔታ የጻፉትን አንድ ደብዳቤ በቀይ እስክርቢቶ አርሜ ብመልስላቸው፣ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፍገውኝ ነበር። ደግሜ እንዳላስቀይማቸው ፈራሁና እሽጉን እንዳለ ላክሁት።

የዝርዝር ማስገቢያው ቀን ሰኞ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ያልቃል። ቅዳሜ ማለዳ ከየትናየት ጋር ወደ ጓሳ አምባ ወጣን። እርሷ ከፊት፣ እኔ በበትሬ እየተደገፍሁ ከኋላ። አንድ ጊዜ ቆማ ጠበቀችኝና «ጋሼ፣ በቅሎ እንፈልግልዎት?» አለችኝ።

«ይህን ዳገት ደብተር ተሸክሜ ስወጣው እናትሽ አልተወለደችም» አልኋት፤ ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ አረፍሁ። እርሷም ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ የጫማዋን ክር ደጋግማ ስታስር ቆየች። ልጅቱ ጨዋ ናት።

የኔታን ያገኘናቸው ቤታቸው በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። የተመለሰውን ዝርዝር ዘረጋሁላቸው፤ የሆነውንም ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«እና ምን ልጻፍ ኖሯል? የዓለም ስማቸውን?»

«አዎን የኔታ፤ ከነአባታቸው።»

«በዓለም ስሙ ተጽፎ ጸሎት የደረሰለት ማን አለ?»

«የኔታ፣ ለጸሎት አልነበረም፤ ለምርጫ ነው።»

«እሱስ ጸሎት አያስፈልገው ኖሯል?» አሉና ወደ የትናየት ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ጽሕፈቱን አይተው ምን አሉ?»

«በጣም ቆንጆ ነው አሉ፣ የኔታ።»

«ይበቃኛል» አሉ፤ እኔን ግን እንደ ገና ገላመጡኝ። «አቶ ዲሬክተር፣ አንቱ የሰው ጽሕፈት ማረም ይወዱ አልነበር? ያን ቀን ምነው ተዉት?»

የተመለሰውን ዝርዝር አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁ። የኔታም ይህን አይተው ቆሎ አስመጡልን።

የተቸገርንበት ግን ሌላ ነበር። በእኛ አገር የክርስትና ስም እንደ ማንኛውም ስም ለመጣው ሁሉ አይነገርም። ነፍስ አባት ያውቀዋል፤ እናት ታውቀዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ይደበቃል፤ በክፉ ሰው እጅ ከወደቀ መድኃኒት ይደረግበታል ተብሎ ይፈራል። የጓሳ አምባ ሰዎች ይህን ስም የሰጡት የኔታን አምነው ነው። እኔ ደግሞ ተቀብዬ ለደባርቅ ጽሕፈት ቤት ሰጠሁት። ይህን ካወቁ በኋላ ሌላኛውን ስማቸውን ይሰጡናል ወይ? የትናየት ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ጠዋት ከዓይኗ አየሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከደብሩ ቅጥር ውጭ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ቻላቸው ሰላምታ ሰጥቶ ነገሩን ከፈተ። ቻላቸው የጓሳ አምባ የውኃ አባት ነው፤ የምንጩን ውኃ ለነጭ ሽንኩርትና ለድንች ማሳው በተራ የሚያካፍል፣ በየዓመቱ በተጠቃሚዎቹ የሚመረጥ ገበሬ ነው። ለቀበሌው ዕጩ ያደረግነውም እርሱን ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ንግግሩም አጭር ነው።

«ስማችን ደባርቅ ሄዶ ተመልሷል። መምህር ያስረዱናል» ብሎ ተቀመጠ።

አስረዳሁ፤ ወለተ ሥላሴ ሰባት ጊዜ መጻፉንም አልሸሸግሁም። የክርስትና ስም መሆኑን በተናገርሁ ጊዜ ከሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። ከመካከላቸው ሠርካለም የምትባል ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ቆመች።

«ስሜን ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቀው አልነበረም» አለች። «ባሌ እንኳ ሳያውቀው ነው የሞተ። አሁን የደባርቅ ጸሐፊ ያውቀዋል?»

«አይዞሽ፣ ወለተ ሥላሴዎች ሰባት ናችሁ፤ የትኛዋ እንደ ሆንሽ አይለዩም» አለ ገዱ የተባለው ቀልደኛ ከወንዶቹ መካከል።

ሰዉ ሳቀ። ሠርካለም አልሳቀችም። «አንተ ደግሞ ከየት አወቅኸው?» ስትለው ገዱ ጋቢውን ፊቱ ድረስ ሳበ፤ ሳቁም ባሰ።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም እኔን አየ። የትናየት ከጎኔ ቆማ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ ልትወስደው እንደ ሆነ ስለ ገባኝ ቀደምኋት። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ። «የኔታ ሁልጊዜ በሚጽፉበት ሥርዓት ጻፉ። ይህች ልጅ ፖስታውን አላየችውም። ከፍቼ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። አላየሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

በሠላሳ ስምንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ተማሪ ይቅርታ ሲጠይቀኝ እንጂ እኔ ስጠይቅ አላስታውስም፤ ከፊቴ ከተቀመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ነበሩ።

«እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለች ሠርካለም በመጨረሻ። «እኔስ ይቅር ብያለሁ። ግን መምህር፣ አሁን ደግሞ ሌላውን ስማችንን ልትጠይቁን ነው የመጣችሁት።»

«አዎን፣ እመት ሠርካለም።»

«ተቀብላችሁ ማን ሊይዘው ነው?»

«እኔ በጥንቃቄ እይዘዋለሁ» ብዬ ጀመርሁ፤ ከሰዉ መካከል የሆነ ሰው አስነጠሰ፤ ወይም ሳቁን ዋጠ።

«ሦስት ወር ሙሉ ይህች ልጅ ራሳችሁን አስተዳድሩ ስትለን ከረመች» አለች ሠርካለም ወደ የትናየት እያመለከተች። «ነገሯም ደስ አለን። ፊርማችንን ሰብስበን ግን ዳባት ላለ ሰው ሰጠን፤ እሱም ደባርቅ ላለ ሰው ሰጠ። የት እንደ ደረሰ የጠየቀ አለ? እኔ አልጠየቅሁም። አንተስ ቻላቸው?»

«አልጠየቅሁም» አለ ቻላቸው፤ ጥቂት አሰበና «እንደ ውኃው እናድርገዋ» አለ።

የውኃ አባት በጓሳ አምባ የሚመረጠው እንዲህ ነው፦ ዕጩ የሚባል የለም፤ ልሾም የሚልም የለም። ሰዉ ይነሣና በሚያምነው ሰው ኋላ ሄዶ ይቆማል። ረጅሙ ሰልፍ ከኋላው ያለው ሰው ተመረጠ ማለት ነው። ቻላቸው «ዝርዝሩን የሚይዝ፣ ደባርቅ የሚያደርስ፣ መልሱን የሚያመጣ» ብሎ አወጀ፤ ሰዉም ተነሣ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ጀርባዬን አቃንቼ ቆምሁ። ካባዬን አስተካከልሁ። ጥቂት ቆይቼ ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ጽዱ ብቻ ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደ ሠርካለም ይሄዳል። የኔታ ቴዎፍሎስ ሳይቀሩ በመቋሚያቸው እየተደገፉ በአጠገቤ አልፈው ሲሄዱ «አይዘኑ አቶ ዲሬክተር፣ ከእኔም ኋላ የቆመ የለም» አሉኝ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ተቀምጠው ቀሩ። «የውኃ አባት ሴት ሆና አታውቅም» አሉ።

«ይኸ ውኃ አይደለም አባቴ፣ ወረቀት ነው» አላቸው ገዱ።

«ወረቀት ከሆነስ እሺ» አሉና ተነሥተው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ።

የትናየት ደስታው ይዟት ኖሮ እርሷም ሮጣ ከሠርካለም ኋላ ልትገባ ስትል፣ ሠርካለም ራሷ አየቻት። «አንቺማ የደባርቅ ነሽ የኔ ልጅ፤ ሂጂ ከመምህርሽ ጋር ቁሚ።» የትናየት እየሳቀች ተመልሳ ከጎኔ ቆመች። ሁለታችን ብቻችንን ከዚያ ረጅም ሰልፍ ፊት ለፊት ቆመን እንተያይ ነበር። ፓርቲው እኛ ነበርን። ልጅቱ እጄን ያዘችኝ፤ እኔም አልከለከልኋት።

ሠርካለም መመረጧን ከሰማች በኋላ ጊዜ አላጠፋችም። በመጀመሪያ የተመለሰውን ዝርዝር ከእጄ ተቀብላ ለየኔታ ሰጠቻቸው። «ይኸ የተጻፈው በካህን እጅ ነው፤ ለጸሎት ይሁን» አለች። የኔታ ተቀብለው በመጽሐፋቸው ቅጠሎች መካከል አኖሩት። ከዚያም የድንጋይ መቀመጫ አስመጥታ አዲስ ወረቀት በጉልበቴ ላይ እንዳደርግ አዘዘችኝ። ሰው አንድ በአንድ እንዲመጣ፣ ስሙን ለእኔ ብቻ እንዲነግር፣ መታወቂያውን እንዲያሳይ፣ እንዲፈርም፣ ሌላው ርቆ እንዲጠብቅ አደረገች። «ሐሳቡን የለወጠ ሰው ካለ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም» ብላ ጮኸች።

ሦስት ሰዎች ሄዱ። የትናየት ማን እንደ ሆኑ ለማየት ቀና ስትል ሠርካለም «ወረቀቱን እይ» አለቻት፤ እንደ ወንድ ልጅ አድርጋ ነው የተቆጣቻት።

እኔም ስምን ከነአባትና ከነአያት እየጻፍሁ አመሸሁ። ብዙዎቹን ከክፍል ስም መጥሪያ አውቃቸዋለሁ። ገዱ ተራው ደርሶ መጣ።

«ስም?»

«ገዱ።»

«የአባት ስም?»

«ምነው መምህር! አባትህን ጥራ ብለው ስንቴ አባረውኛል፤ ረሱት?»

አልረሳሁትም። ሳልጠይቀው የአያቱንም ጨምሬ ጻፍሁለት። ዓለምዬ የምትባል ወጣት መጣች፤ ሆዷ እስከ አገጯ ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብላ መፈረም ስላልቻለች ወረቀቱን ብድግ አድርጌ ያዝሁላት። በመጨረሻ ስንቆጥር መቶ አራት ሆነ። የሚያስፈልገን መቶ ነበር። የትናየት ጮኻ ልትዘል ስትል ሠርካለም ወረቀቱን ከእጄ አንሥታ፣ አጥፋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ አኖረችው። እስከ ሰኞ ድረስ ከዚያ አልወጣም፤ እኔም ደግሜ ልየው አላልሁም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ወረድን። ከዳባት በአውቶቡስ ተሳፍረን ደባርቅ ስንደርስ ቀትር ነበር። ሠርካለም በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ እጇን ከመቀነቷ ሳታነሣ ሄደች፤ ከጎኗ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሆዷን ያመማት መስሎት ሎሚ ሰጣት። ሎሚውን ተቀበለችው።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ፀጋው የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ስንገባ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጓሳ አምባ? እንኳን ደረሳችሁ፤ ዛሬ እዘጋው ነበር» አለ። «የዝርዝሩ ኃላፊ ማን ነው?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከልማድ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ሠርካለም። «እነርሱ ፓርቲው ናቸው።»

ጨርቁን ፈታ ወረቀቱን ሰጠችው። ፀጋው ከቀበሌው መዝገብ ጋር እያስተያየ፣ በጣቱ እየተከተለ አየው። የትናየት በጥፍሯ የወንበሩን ጠርዝ ትቧጥጣለች። እኔ መስኮቱን አያለሁ፤ ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ያልፋሉ፤ እስከ አሥራ ሁለት ድረስ ቆጠርሁ። በመጨረሻ ማኅተሙን አነሣና መታው።

«ተሟልቷል። ዕጩ ማቅረብ ትችላላችሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

የትናየት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁ፤ ከዚያ በላይ ማድረግ አልችልበትም። ልንሄድ ተነሣን። ሠርካለም ግን ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«አንብበው» አለችው ጸሐፊውን።

«ምኑን እናቴ?»

«ስሙን። ልስማህ። ባለፈው የሉም ብላችሁ መልሳችኋል።»

«መቶ አራት ስም እኮ ነው።»

«ጊዜ አለኝ።»

ፀጋው ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ። እኔ ከእርሷ ጋር የምከራከር ሰው እንዳልሆንሁ ከፊቴ አነበበ መሰለኝ፤ ወረቀቱን አነሣና ማንበብ ጀመረ። እኔና የትናየትም ተመልሰን ተቀመጥን።

«ቻላቸው…»

«አለ። ቦይ እየጠረገ ነው።»

«ገዱ…»

«አለ። ምን ያደርጋል፣ አለ።»

«ወርቅነሽ…»

«አለች። ገብስ ላይ ናት፤ ዛሬ ይወቁላታል።»

«ባይነሳኝ…»

«አለ። ጥርሱን አሞታል እንጂ ይመጣ ነበር።»

ጸሐፊው መጀመሪያ ላይ በጥድፊያ ነበር የሚያነበው። ከሃያኛው ስም በኋላ ግን እያንዳንዱን ስም ጠርቶ ቀና ይልና መልሷን ይጠብቅ ጀመር። በሚቀጥለው ክፍል የነበረች ሠራተኛ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ዓለምዬ…»

«አለች። ዛሬ ማለዳ ስንወጣ ወለደች።»

ፀጋው ጣቱን በወረቀቱ ላይ አቆመ። «ምን ወለደች?»

«ሴት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።